ለራሷ ወንበር ያላስቀመጠችው

የፍቅር ወሬ ስትሰሙ መጨረሻው እንዲያምርላችሁ የምትመኙ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም እመኛለሁ። የዛሬውን ግን እንደሆነው ነው የማወጋችሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቅዳሜ እንግዳ ግጥም ብሎ የሚሞላው የሠርግ አዳራሽ ባዶውን ነው። የመድረኩ መጋረጃ ገና አልተተኮሰም፤ አበባውም አልመጣም። ሰፊው ወለል ላይ የተዘረጋው ስድስት ወንበር ብቻ ነው፤ የቀረው ግድግዳው ጋ ተደራርቧል። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ የደረደረችው ልጅ የጥርስ ሐኪሙን እየጠበቀች ነው። የጥርስ ሐኪሙ ቅዳሜ የሚሞሸረው ሰው ነው። እሷ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የወደደችው ሰው የለም።

ልጅቷን ጆሮ ይሏታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ሥራዋ ነው ስሟን የበላው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት በዚሁ አዳራሽ አንድ ሚዜ፣ ጨዋታ አዋቂ ነኝ ብሎ፣ ብርጭቆውን ያነሣና ሙሽራው ከዚህ በፊት ያፈቀራቸውን ሴቶች በየስማቸው እየጠራ ማሳቅ ይጀምራል። ከተጠሩት አንዷ ለካ የሙሽሪት የአክስት ልጅ ኖራለች። የዚያን ቀን የተሰበረውን ብርጭቆ ጠርጋ የጨረሰችው የአዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ የምታጥበው ሴት ናት፤ የጆሮ እናት። በማግስቱ ባለ አዳራሹ፣ ከእንግዲህ በቤቴ ማይክሮፎን የሚይዝ ሁሉ አስቀድሞ መጥቶ ንግግሩን ለዚህች ልጅ ያሰማ ብሎ ደነገገ። ያን ጊዜ እሷ በር ላይ ሆና እንግዳ የምትቀበል ልጅ ነበረች። ለምን እሷን መረጥክ ሲሉት፣ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት የምትችል ሌላ ሠራተኛ የለኝም አለ።

አሠራሩን ራሷ ናት ያመጣችው። ወንበሮቹን ትደረድርና አንዱን የሙሽሪት እናት ትለዋለች፤ አንዱን የሙሽራው አለቃ፤ አንዱን መስማት የደከማቸው አያት፤ አንዱን በቅርቡ ባሏን የፈታች ጓደኛ። ተናጋሪው ቆሞ ሲናገር እሷ ከወንበር ወንበር እየተዛወረች፣ እንደዚያ ሰው ሆና ታዳምጣለች። ይህ ነውር ነው፣ ይህ አይባልም ብላ አታውቅም። «እዚህ ወንበር ላይ ያመኛል» ነው የምትለው። ስንቱ ደንዳና ሰው በዚህች አንድ ቃል ቀልዱን ከኪሱ መልሶ ከትቷል።

የጥርስ ሐኪሙም መጀመሪያ የመጣው ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ ነበር። የጓደኛውን ማንኮራፋት፣ የጓደኛውን ስካር፣ የጓደኛውን የተማሪ ቤት ቅሌት ሁሉ አሳምሮ ይዞ መጣ። እሷ ከወንበር ወንበር ስትዞር፣ ስትታመም፣ በመጨረሻ ከንግግሩ የቀረው ሰላምታውና ምስጋናው ሆነ። በማግስቱ ደግሞ ባዶ እጁን ተመልሶ መጣ። ዛሬ ምን ልትናገር ነው ብትለው፣ ልሰማ ነው የመጣሁት አላት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ብቅ እያለ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆም ነበር። አንድ ተናጋሪ የማይሆን ቀልድ ሲጀምር በተናጋሪው ትከሻ ላይ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ እሷ ሳቋን ለመዋጥ ጉንጯን ከውስጥ ትነክሳለች። ባለ አዳራሹ፣ አንዱ አፍ ያስከፍታል፣ አንዷ ታዘጋለች፤ ምን ዓይነት ቤት ሊወጣችሁ ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቤት የሚወጣቸው መስሎት። ለእነሱም መስሏቸው ነበር።

እናቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። አንድ ጠዋት ብቻቸውን መጡ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ወንበሮቹን አዩና፣ የእናትየው የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። አሳየቻቸው።

«እንግዲያው ቁጭ በዪበት» አሏት። «እኔን ሆነሽ ስሚ። በልጄ ሠርግ መድረክ መሪው የሙሽሪትን ቤተሰብ ያስተዋውቃል። አባት የሚለው የለውም። እናት፣ የዚሁ አዳራሽ ልብስ አጣቢ ይላል። እንግዳው ሁሉ እናትሽ ያጠበችው ጨርቅ ላይ ክርኑን አስደግፎ ይሰማል። ያመኛል ወይስ አያመኝም? እውነቱን ንገሪኝ፤ አትዋሺም ብለውኛል።»

ጆሮ ቁጭ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ልማዷ ሰማች። ሌላ ሰው ቢሆን ተነሥቶ በሩን ያሳያቸው ነበር፤ እሷ ግን የሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ የራሷን ጥቅም የምታስታውስ ልጅ አይደለችም።

«ያምዎታል» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ለጥርስ ሐኪሙ ሌላ ሰው እንዳገኘች ነገረችው። አመናት። ውሸት ከአፏ ወጥቶ ስለማያውቅ አመናት።

እሱ ሥራ ለውጦ ሌላ ከተማ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ግማሽ አካላቸው ተያዘ፤ ያ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ዝም የሚያሰኝ አንደበት ተሳሰረ። ልጃቸው ተመለሰ። እጃቸውን እያፍታታች፣ በእግራቸው እንደገና እንዲቆሙ ያደረገቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የትልቅ ነጋዴ ልጅ፣ የእናት ሐዘንተኛ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት። ቅዳሜ የሚያገባት እሷን ነው። ባለ አዳራሹ የሙሽራውን ማንነት ባወቀ ጊዜ፣ ልጄ፣ የዛሬን ሌላ ሰው ያዳምጥልሽ ብሎ ለመናት። ሥራዬ ነው ብላ ወንበሮቿን ደረደረች።

የጥርስ ሐኪሙ ሲገባ ከስቷል። ሰላምታ ተሰጣጡ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛና ሠራተኛ፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ። የእያንዳንዱን ወንበር ባለቤት ነገረችው። እሱም መናገር ጀመረ፤ እሷም መዞር።

ንግግሩ ነቀፋ አልነበረውም። የሙሽሪትን አባት አከበረ፤ አለቆቹን አልረሳ፤ ቀልዱም ሕፃን ፊት የሚነገር ነበር። ወደ እናቱ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ «እማዬ፣ አንቺን ቃል ሲያጥርሽ እኔንም አብሮ አጥሮኝ ነበር» አለ። ጆሮ የእናትየው ወንበር ላይ ነበረች። ራሷን ነቅንቃ አለፈችው። የመጨረሻው ወንበር የሙሽሪት ነው።

«ባለቤቴ ጥሩ ሰው ናት» አለ። «ለቤታችን ብዙ ደክማለች። አመሰግናታለሁ።»

ጆሮ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«እዚህ ወንበር ላይ ምንም አልተሰማኝም» አለችው።

«የሚያምም ነገር የለውማ።»

«የሚያመው እሱ ነው። ይህ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚባል ምስጋና ነው።»

ሊስቅ ሞከረና ተወው። ወረቀት የለውም፤ በእጁ የሚይዘው ነገር አጥቶ ጣቶቹን ይቆጥር ይመስል ያያቸዋል። ሌላ ቃል እንደሌለው፣ የነበረውን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንደጨረሰው ነገራት። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ያ ሰውዬስ? ተጋባችሁ?»

«የትኛው ሰውዬ?» አለች ጆሮ።

ወዲያው ገባት። ውሸት የለመደ ሰው ውሸቱን ይጠብቃል፤ እሷ በዕድሜዋ አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽታ እሱንም ረሳችው። ጉንጯ ሲቃጠል ይሰማታል። እሱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኖቹ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲፈልግ ኖሮ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ድንጋጤ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ምን ትደብቃለች። የእናቱን መምጣት፣ የተቀመጠችበትን ወንበር፣ የመለሰችውን መልስ ነገረችው። በእናቱ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልጨመረችም፤ እንዲያውም እውነታቸውን ነው፣ ያምማል ስትል እሱ እጁን አነሣ።

«ቆይ። ከእናቴ ወንበር ሰማሽው። ከአባቷ፣ ከአያቷ፣ ከአለቃዬ፣ ከሁሉም ወንበር ትሰሚያለሽ። ያንቺ የት አለ?»

«የኔ?»

«ይህን ያህል ጊዜ ስመላለስ አንድ ቀን ለራስሽ ወንበር ስታስቀምጪ አይቼሽ አላውቅም።»

ሄዶ ግድግዳው ጋ ከተደራረቡት ወንበሮች አንዱን ሳበ። እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ከስድስቱ ነጠል አድርጎ አስቀመጠውና ተቀመጪ አላት። እንዳዘዛት ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። በሌላው ሰው ወንበር ላይ እንደ ቤቷ የምትሆን ልጅ፣ የራሷ ላይ እንግዳ ሆነች።

«አሁን ማንንም አትሁኚ» አላት። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንቺን ብቻ ሁኚና ስሚኝ። ሌላ ከተማ ሄጄ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ውዬ ማታ ቤት ስገባ የሚያስቅ ነገር ከሰማሁ በሩን ከፍቼ ልነግርሽ ስል ነበር አለመኖርሽን የማስታውሰው። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። የማገባት ልጅ ምንም አላጠፋችም፤ አውቃለሁ። ግን እሺ በዪኝ፤ ነገ ራሴ ሄጄ ለአባቷ እነግራለሁ። ይስደቡኝ፤ ይምቱኝም። እናቴም ትቀየመኝ። አንቺ ብቻ እሺ በዪ።»

ጆሮ ሰማች። መጀመሪያ የሚያም ቦታ ፈለገች፤ እንደ ልማዷ። አላገኘችም። የሰማችው ቃል የሙቅ ውኃ ያህል ከትከሻዋ ወርዶ እስከ ጣቷ ጫፍ ደረሰ። እሺ ልትል ነበር። ይህን እወቁልኝ፤ ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ባለ አዳራሹ ብቅ ብሎ፣ ሙሽሪት መጥታለች፤ ተራዋ ነው አለ። በዚህ ቤት ሙሽራና ሙሽሪት አንዱ የሌላውን ንግግር አስቀድሞ አይሰማም። የጥርስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ ግቢ ውስጥ እጠብቅሻለሁ፤ ስትጨርሺ መልስሽን ይዘሽልኝ ውጪ አላት። በበሩ ሲተላለፉ ሙሽሪት የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። ጆሮ አየች። ደረቷ ውስጥ ያ ሙቀት እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሙሽሪት ረጅም ናት፤ ፈጠን ፈጠን ብላ ትራመዳለች። ጆሮ የሚሉሽ አንቺ ነሽ፣ አስፈራርተውኝ ነው የመጣሁት አለችና ሳቀች። ስለ ሁለቱ የምታውቀው ነገር የለም፤ ማንም አልነገራትም። ቆማ ጀመረች፤ ጆሮም አባትየው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች ሙሽሪት፣ «ትንሽ ሆኜ ሱቅህ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጠኝና የማትሸጥ ዕቃ ትለኝ ነበር። ዛሬ ቃልህን በላህ።»

ጆሮ ሳቋ አመለጣት።

«እማማ፣ መጀመሪያ ቀን ያን የታመመ እጅዎን ስይዘው ሊመቱኝ ፈልገው እጅዎ እምቢ አለዎት። ብዙ ቆይተው በመጨረሻ መቱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመትቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ጆሮ የእናትየው ወንበር ላይ ሆና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህች ሴት መጥፎ ብትሆን ምን ነበረበት ብላ አሰበች። ትንሽ ብትኮራ፤ ወይም አንድ የማይሆን ቃል ብትናገር።

ከዚያ ሙሽሪት ትንፋሿን ሳበችና ድምፅዋን ቀየረች።

«አንተን ሳውቅህ ወሬ ትጀምርና መሀሉ ላይ ታቆም ነበር። ቀሪውን የምትነግረው ሌላ ሰው የነበረህ ይመስላል። ማን እንደነበረች አልጠየቅሁህም። ግን እናቴን የቀበርኩ ጊዜ ሁሉም ሰው በርቺ ሲለኝ አንተ ዝም ብለህ ሰማኸኝ፤ እኔ ቦታ ላይ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ። እንደዚያ መስማት አብሮ አይወለድም፤ ያስተማረህ ሰው አለ። ያቺን ሴት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አመሰግናታለሁ። እሷ ከእኔ የወሰደችው የለም። እኔ ግን ከእሷ የወሰድኩት እንዳይኖር እፈራለሁ።»

ሙሽሪት እጇን አጣመረች።

«ይሄኛውን ልበለው ወይስ ይቅር? እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ጆሮ ተነሣች። እግሯ ይከብዳታል። አባትየው ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ እዚህ ያመኛል፣ ልጄ የሰው ትራፊ አገኘች እንዴ እላለሁ አለች። አለቃው ወንበር ላይ ሄዳ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ ኬኩ ሳይቆረስ ሴትየዋን በየጠረጴዛው ይፈልጓታል አለች። እናትየው ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ያችን ሴት የሚያውቋት፣ ማን እንደሆነች መናገር ቢያምራቸው እንኳ አንደበታቸው የተያዘ እናት ሆና ሰማች። «እዚህ በጣም ያመኛል» አለች። «አውጪው።»

«እኔም ፈርቼው ነበር» አለች ሙሽሪት። ግን አልተቀመጠችም። ዙሪያውን አየችና ነጠል ብላ የቆመችውን ወንበር አገኘች። «ያቺስ የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። ተርፋ ነው።»

«ምናልባት ያቺ ሴት ሠርጉ ላይ ብትኖርስ ብዬ ነው እኮ። አንድ ሰው እንኳ ሳያመሰግናት ወጥታ ብትሄድ ያሳዝነኛል።»

ጆሮ ወንበሯን አየቻት። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከደረቷ የተንጠለጠለው ሙቀት ቀስ እያለ፣ ሳይጎዳት ማለት ይቻላል፣ ሄደ።

«አትኖርም» አለች።

ሙሽሪት ልታመሰግናት እጇን ስትይዝ ደነገጠች። እጅሽ በረዶ ሆኗል አለችና፣ እንደ ሥራዋ፣ በሁለት እጆቿ መሀል አድርጋ ታሸው ጀመር። ክፈቺ፣ ዝጊ፣ እንደገና ክፈቺ ትላታለች። ጆሮ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ደሟ እስኪመለስ ሙሽሪት አለቀቀቻትም።

ግቢው ውስጥ የታጠቡ ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች በገመድ ላይ ተሰጥተዋል። የጥርስ ሐኪሙ በሁለት ጨርቆች መሀል ቆሞ ጠበቃት። ስትመጣ ፊቷን አየና እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ለእሷ የምትለውን ቀይረው» አለችው። «እናቷን የቀበረች ጊዜ ስትሰማት የተሰማህን ንገራት። እውነት ስለሆነ አይከብድህም። ስትናገር ደግሞ እሷን እያት።»

«መልስሽ ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

«እሺ ልትዪኝ ነበር። ዓይኔ ነው ያየው።»

«ነበር» አለች ጆሮ።

ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ እርጥቡ ጨርቅ በነፋስ መሀላቸው ገባ። እስኪመለስ ድረስ ሁለቱም አልገፉትም። ከውስጥ ሙሽሪት በሚያባብል ድምፅ ጠራችው። እሱም፣ መጣሁ አለ፤ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ ነው መጣሁ ያለው። ከዚያ ሄደ። ዞሮ አላያትም። ዞሮ ቢያያት ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁት ነበር።

ጆሮ ወደ አዳራሹ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቋታል። የልጅ ልጃቸው የሚቀጥለው ሳምንት ሙሽራ ናት፤ ንግግራቸውን ሊያሰሙ ነው። ይጀምሩ አባባ አለቻቸው፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች፤ የማን ወንበር እንደሆነ አላስተዋለችም።

ሽማግሌው ከራሳቸው ልደት ጀመሩ። በወጣትነታቸው የዘለሉትን ወንዝ አነሡ። ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ምክንያት የተጣሉትን፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሰደበ ሳይቀር አብራሩ። የሟች ሚስታቸውን ጥርስ አወደሱ። ስለ ልጅ ልጃቸው ሊናገሩ ሲሉ ወደ አጥሩ ተመለሱ። ጆሮ አንዴም ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ በይ እንግዲህ፣ ክፉ ነሽ አሉኝ፤ የቱን ላውጣ አሏት።

«ምንም አያውጡ።»

«የአጥሩንም?»

«የአጥሩንም፣ አባባ። እንዳለ ይናገሩት።»

ቀረብ ብለው አዩዋት። ጉንጯ እስከ አገጯ ርሷል፤ እሷ ያወቀችው አትመስልም። ሽማግሌው ትከሻዋን በስሱ ነካ አድርገው በእግር ጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ። በሩ ላይ ዘበኛውን ሲያገኙ ግን አላስቻላቸውም።

«አስለቀስኳት እኮ» አሉት።

«ማንን? ጆሮን?»

«ጆሮን። ገና ስለ አጥሩ ስጀምር ነው።»

ዘበኛው ወደ አዳራሹ በር ዞር አለ። ጆሮ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። ሊገባ አንድ እግሩን አነሣና፣ ምን ብሎ እንደሚገባ ቃል አጥቶ፣ እዚያው ቆመ።